መውጫ ደረጃ ለምነን የፈረስ ጉልበት ስለተሰጠን

ለክቡር የሕሙማን ማመላለሻ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ከልቤ ነው። ጤናዎ የታወከ ዕለት የሚሳፈሩበትን መኪና በደንብ ስለማውቀው፣ እንኳን ለእርስዎ ለጠላትዎም አልመኘውም።

እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ክቡርነትዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ከቢሮዎ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ግን ያስታውሰኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ ደሙን በመሣሪያ ለማሳጠብ ከዳገቱ ማዶ ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይመላለሳል፤ የሚመላለሰውም በጽሕፈት ቤትዎ ነጭ ፒክአፕ ነው። ከመታመሙ በፊት የትምህርት ቤቶች እግር ኳስ ዳኛ ነበር። ዛሬ ፊሽካው ከአፉ ቢወጣም ዳኝነቱ ከሆዱ አልወጣም፤ ማንኛውንም ነገር ከሁለት ወገን ካላየ አይፈርድም። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስነሣም «የሰውየውንም ወገን ጻፊ እንጂ» ብሎኛል። ስለዚህ የክቡርነትዎን ወገን ጭምር ለመጻፍ የተቻለኝን አደርጋለሁ።

ነገሩን በጋዜጣ ከዳር ሆነው ለሚያነቡ ሰዎች ስል ከመነሻው ልጀምር። ፒክአፑ ከኋላው በሸራ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከሸራው ሥር ግራና ቀኝ ሁለት የጣውላ አግዳሚዎች አሉት። የኩላሊት ሕሙማኑ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ጋቢናው የሹፌሩና ወደ ትልቁ ከተማ ጉዳይ ያላቸው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ነው፤ የእነሱ ጉዳይ ደግሞ፣ መቼም የመንግሥት ሥራ ነውና፣ አልቆ አያውቅም።

ሹፌሩን ሁላችንም ጋሽ ቀስታ ነበር የምንላቸው። ጉድጓድ ባዩ ቁጥር ቆም ብለው፣ ጎማዎቹን እጃቸውን ይዞ እንደሚያሻግር ሰው አንድ በአንድ ነበር የሚያሳልፏቸው። ዳገቱ ላይ የጭነት መኪና ይቀድማቸዋል፣ ጋሪ ይቀድማቸዋል፣ እሳቸው ግድ አልነበራቸውም። ሞተሩ ያረጀ ስለሆነ ያቃስት ነበር እንጂ አይሮጥም፤ ነገር ግን ወስዶ ይመልሰን ነበር።

በዚያ ዝግታ ውስጥ መንገዱን የሚያሳጥሩልን እትዬ ሃሎ ነበሩ። እትዬ ሃሎ፣ ስልክ በሰው እጅ እየተሰካ ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ ማዞሪያ ቤት ተቀምጠው ከተማን ከከተማ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ከባለቤቴ ጋር በአንድ ተራ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት መሣሪያዎች ነበር የሚታጠቡት። ከሸራው ሥር ሆነው የማንንም ስም ሳይጠሩ ድሮ የሰሙትን የስልክ ወግ ያመጡልናል። አንዴ የሚነጫነጭ ባል ይሆናሉ፣ አንዴ የምትሽኮረመም እጮኛ፣ አንዴ ደግሞ «አይሰማም! አይሰማም!» እያለ የሚጮኽ ነጋዴ። ዳገቱ መቼ እንዳለቀ ሳናውቅ ሆስፒታሉ በር ላይ የደረስንበት ቀን ብዙ ነው። ጋሽ ቀስታ እንኳ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው የጋቢናውን የኋላ መስኮት ከፍተው ነበር የሚነዱት።

ችግራችን አንድ ነበር፤ መውጣትና መውረድ። የኋላው መዝጊያ ሲከፈት የፒክአፑ ወለል ለጤነኛ ሰው እንኳ ወገብ ድረስ ነው። ሲሄዱ እንደምንም ይወጣል። ሲመለሱ ግን፣ ከመሣሪያው የተነሣ ሰው ተጨምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ ነውና፣ ጉልበቱ አይታዘዘውም። እኔ ከስፌት መኪናዬ ሥር ያለችውን በርጩማ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ እሷን ረግጦ፣ የጋሽ ቀስታን ትከሻ ይዞ፣ እኔ ከኋላ ገፍቼው ይወጣል። እትዬ ሃሎን ለሁለት ነበር የምናነሣቸው። አንድ ቀን አንሸራተታቸውና አገጫቸው ከብረቱ ጋር ተጋጨ። እሳቸው «መስመሩ ተቋረጠ» ብለው ሳቁ፤ እኛ ግን ማመልከቻ ለመጻፍ የወሰንነው ያን ዕለት ነው።

የጠየቅነው ከኋላ የምትበየድ አንዲት የብረት ደረጃና፣ ከተቻለ፣ ለአግዳሚዎቹ የሚሆን ስፖንጅ ነው። እትዬ ሃሎ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ባለቤቴ ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ ፍትሐዊ አይደሉም ያላቸውን ቃላት አሰረዘን። የስፖንጁን ልብስ እኔው በነጻ እንደምሰፋም ገለጽን።

ክቡርነትዎ ማመልከቻውን እንዳነበቡት ፈጽሞ አልጠራጠርም። ባያነቡት ኖሮ ከጠየቅነው አንዱ በስህተት እንኳ ይሠራ ነበር።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ራስዎ ወደ መነሻ ቦታችን መጡ። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከተው ፒክአፑን ዞሩት፤ ጎማውን በጫማዎ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያም «ጥያቄያችሁ ከልብ ተሰምቶናል፤ ከጠየቃችሁትም በላይ ነው የምናደርግላችሁ» አሉን። እትዬ ሃሎ መርቀው ሸኙዎት። ባለቤቴም ወደ እኔ ዞሮ «አላልኩሽም?» አለኝ።

ፒክአፑ ቱርቦ በሚል ቅጽል ስም ወደሚታወቀው መካኒክ ጋራዥ ገባ። ቱርቦ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። የታወቀበት ሙያ የወጣቶችን መኪና አስሩጦና አስጩኾ መመለስ ነው፤ ደረጃ በይድ ያለው ሰው ቢኖር ደረጃ ይበይድ ነበር። መኪናው ጋራዥ በከረመበት ጊዜ እኛ በጎረቤት ቸርነት፣ አንዳንዴም በአትክልት መኪና ላይ ተጭነን ተመላለስን። የሚሠራልን ነገር ትልቅ ስለሆነ ነው የዘገየው ብለን ተጽናናን፤ እውነትም ትልቅ ነበር።

የተመለሰበትን ዕለት አልረሳውም። ኮፈኑ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበት ነበር። ቱርቦ የሠራውን እየጠቆመ አስረዳን። የሞተሩን ጩኸት ውጦ የሚያስቀረው ማርሚታ ተነቅሎ ወጥቷል፤ በምትኩ ክንድ የሚያህል ወፍራም ጭስ ማውጫ ገብቷል፤ ሞተሩ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ የአየር ማጣሪያው ተቀይሯል፤ የነዳጅ ፓምፑም አብዝቶ እንዲረጭ ተስተካክሏል። ክቡርነትዎ ሪባኑን ቆርጠው «ከዛሬ ጀምሮ ሕሙማኖቻችን ዳገቱን አይወጡትም፤ ይበሩታል!» አሉ። ከዚያም ራስዎ ጋቢና ገብተው ነዳጅ ሰጡት። ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት መስታወት ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም በርጩማዬን መሬት አስቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

እትዬ ሃሎ ብቻ ወደ ኋላ ዞረው፣ መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ወደ ጋቢናው ተመለሱና «ደረጃዋስ ልጄ? ደረጃዋ የታለች?» ብለው ጮኹ። ክቡርነትዎም በሞተሩ ድምፅ መሃል፣ የሚመርቁዎት መስሎዎት፣ ሁለት እጅዎን ከፍ አድርገው «አሜን እናቴ! አሜን!» አሉ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ድምፁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፒክአፑ ገና ከአደባባዩ ሳይነሣ እንደሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ጫማውን ለማሰር በቂ ጊዜ አግኝቷል፤ የጎረቤቴም አራስ ልጅ መነሻ ሰዓታችንን ለምዷል። ከሸራው ሥር ግን የሰው ድምፅ ቀረ። እትዬ ሃሎ በመጀመሪያው ጉዞ ወጋቸውን ሊጀምሩ ሞከሩ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ነገር ግን አንድም ቃል አይደርሰንም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ እጃቸውን እንደ ስልክ እጀታ ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁና እጀታውን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሞክረው አያውቁም። ለጆሯችን ዕረፍት ስለተጨነቁ እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ ስለ ፍጥነቱ። ሞተሩ ሲለወጥ መንገዱ እንዳልተለወጠ ለክቡርነትዎ ማሳሰብ ድፍረት ይሆንብኛል። ጉድጓዶቹ በነበሩበት ናቸው፤ እኛ ብቻ ቶሎ ቶሎ እንደርስባቸዋለን። ጋሽ ቀስታ እንደ ድሮው ሊነዱ ቢሞክሩ አዲሱ ሞተር በዝግታ አይሄድም፤ ወይ ይንገጫገጫል ወይ ይጠፋል። ባለቤቴ መርፌ የሚገባበትን ክንዱን ከብረቱ እንዳይጋጭበት እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሚሄደው። ሆስፒታሉ ደግሞ የሚያስተናግደው በተራ ነው፤ የመሣሪያው ተራ እኛ ስለፈጠንን አይፈጥንም። ስለዚህ ቀድመን ደርሰን፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቀድመን ባንመጣ ቤታችን አልጋ ላይ የምናሳልፈውን ጊዜ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን እናሳልፈዋለን። ባለቤቴ «ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ቢሠራ የኃላፊው ሐሳብ ትክክል ይሆን ነበር» ይላል። ቃል በገባሁት መሠረት የእርስዎን ወገን ጽፌያለሁ።

፫ኛ፤ ስለ ጭሱ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ይረዝማል።

አዲሱ ጭስ ማውጫ እጅግ ወፍራም ስለሆነ በኋላው ጎማ ዘንግ በኩል አላልፍ ብሎ፣ እስከ ጫፍ ሳይደርስ ከወለሉ ሥር ተቆርጦ ቀርቷል። መኪናው ሲሮጥ ጥቁሩ ጭስ በኋላው መዝጊያና በሸራው መሃል ባለው ክፍተት ይገባና እዚያው ውስጥ ይዞራል። መጀመሪያ የራስ ምታት ጀመረን፤ ከበሽታው ነው አልን። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ፤ ከምግቡ ነው አልን። ነርሷ ናት አንድ ቀን የባለቤቴን ሹራብ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «እነዚህን ሰዎች ከምን ውስጥ ነው የምታወጧቸው?» ያለችው። ጋቢና የሚቀመጡት የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ግን ከእኛ ቀድመው ነቅተውበት ኖሯል፤ ጭስ እንዳይገባባቸው የኋላውን መስኮት በካርቶንና በፕላስተር አሽገውት ነበር። አርቆ አሳቢነታቸውን በዚህ አጋጣሚ ሳላደንቅ አላልፍም።

ጋሽ ቀስታ ሸራውን ከፍ አድርገው መጠቅለል ጀመሩ። ፀሐይ ሲሆን ደህና ነው። ዝናብ ሲሆን ግን ከመታጠን መበስበስን እንመርጥ ነበር፤ ውሃ እንዳይጠጡ ሐኪም የከለከላቸው ሰዎች ከአናት እስከ እግር ውሃ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ቀን ዝናቡ ከነፋስ ጋር ስለነበር ሸራው ተዘጋ። ያን ዕለትም እንደ ወትሮው ባለቤቴን አጅቤ ነበርኩ። ስንመለስ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ እትዬ ሃሎ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ቆይቼ ፊታቸውን ሳየው የከንፈራቸው ቀለም ልክ አልነበረም። ጠራኋቸው፤ የራሴን ድምፅ ለራሴ አልሰማሁትም። ባለቤቴ በዚያ አቅሙ ተነሥቶ የጋቢናውን ብረት በጡጫ መታ፣ በጫማው መታ። ማን ይስማው? ሞተሩ ጉልበት ተጨምሮለታል፣ መስኮቱ ታሽጓል። እኔ ከቦርሳዬ የልብስ መቀሴን አወጣሁና ሸራውን በሹፌሩ በኩል ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፤ ወገቤ ድረስ ወጥቼ፣ ጋሽ ቀስታ በመስታወታቸው እንዲያዩኝ፣ ሻሼን ፈትቼ አውለበለብኩ። አዩኝ። ቆሙ። እትዬ ሃሎን መንገዱ ዳር ዝናቡ ውስጥ አስተኛናቸው። ባለቤቴ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ያ ሁለቱንም ወገን የሚያየው ሰው፣ «ተንፍሱ፣ ተንፍሱ፣ ተንፍሱ» ይል ነበር እንጂ ሌላ ነገር አላለም። የጋቢናው ባልደረባዎ ወርደው «ምን ተፈጠረ?» ብለው ጠየቁን። እትዬ ሃሎ ዓይናቸውን የገለጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የመንግሥት ንብረት የሆነ ሸራ መቅደዴ ተገልጾ፣ ድርጊቱ ዳግመኛ እንዳይፈጸም ይላል። ሸራውን ያንኑ ዕለት በድርብ ስፌት ሰፍቼዋለሁ፤ ካስፈለገም ድጋሚ መቅደድ እንዲመች ስፌቱን የት ላይ እንዳደረግሁት አውቀዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መደርደር ስላልሆነልኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስለመጣ የትኛው አራተኛ፣ የትኛው አምስተኛ እንደሆነ አላውቅም።

ጋሽ ቀስታ ማንንም ሳያስፈቅዱ መኪናውን ወደ አንድ በያጅ ወስደው፣ በጭስ ማውጫው ላይ አሮጌ ቱቦ አስቀጥለው እስከ ጫፍ አስወጡት። ሸራው ውስጥ ጭስ ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ራሳችንን ሳያመን ሄደን መጣን። ቱርቦ ግን መኪናውን ለምርመራ ሲያየው ቅጥያው ሞተሩን እንደሚያፍነውና የተጨመረውን ጉልበት እንደሚቀንሰው ለክቡርነትዎ አስረዳ። እርስዎም ቱቦው ተቆርጦ እንዲወጣ፣ ሹፌሩም ያለ ፈቃድ የመንግሥት ተሽከርካሪ በመለወጣቸው ከመሪው ተነሥተው በር ጥበቃ ላይ እንዲመደቡ አዘዙ። ሞተሩ እንዳይታፈን የታዘዘውን ትእዛዝ ባነበብኩ ጊዜ፣ በዚህች ከተማ መታፈን የሚያሳስበው ሰው በመኖሩ ተጽናናሁ።

አቤት ልል ቢሮዎ መጣሁ። መግቢያው ላይ ያገኘኋቸው ጋሽ ቀስታ ናቸው፤ ሰፊ የጥበቃ ኮት ለብሰው፣ ወዴት እንደሚያደርጉት የማያውቁትን ዱላ ይዘው። ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻልንም። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ፤ ዛሬ አሉ» አሉኝ ቀስ ብለው። ክቡርነትዎም፣ አይዋሽም፣ በአክብሮት ተቀበሉኝ። ወንበር ሰጡኝ። የምረቃውን ቀን ቪዲዮ በስልክዎ ከፍተው አሳዩኝ፤ ሳጨበጭብም እኔኑ አሳዩኝ። «እህቴ፣ ሌሎች ከተሞች የሚቀኑበትን መኪና ይዘን ወደ ኋላ እንመለስ ትዪኛለሽ?» አሉኝ። ስለ ደረጃዋ ስጠይቅዎ «እሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለ» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ከብዙ ነገር ሁሉ የሚከነክነኝ ያ ምስጋና ነው፤ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነውና።

እትዬ ሃሎ ከዚያ ወዲህ ፒክአፑ ላይ አልወጡም። አዲሱ ሹፌር በራቸው ላይ ጡሩምባ ነፍቶ ነፍቶ ይሄዳል። የሕዝብ አውቶቡስ ዳገቱን አቋርጦ የሚመለሰው ሰው ከመሣሪያው ሳይነሣ ነው፤ ታክሲውም ለአንድ ጊዜ እንጂ ለዕድሜ አይያዝም። ከባለቤቴ ጋር ቤታቸው ሄደን ለመንናቸው። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ፊታቸው አብጦ ተቀምጠዋል። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ሸራ ውስጥ ማንም ሳይሰማኝ ልጠፋ ነበር። እዚህ ቢያንስ ብጠራ ጎረቤት ይሰማኛል።» ባለቤቴ እጃቸውን ይዞ «እትዬ፣ ሜዳውን ጥለው አይውጡብኝ» አላቸው። እሳቸውም ያበጠ እጃቸውን በእጁ ላይ ደርበው «አንተ ዳኛ፣ ሰዓትህን ተመልከት» አሉት።

ብዙም አልቆዩም።

ሐኪሙ የሰጠው ወረቀት ላይ የሞታቸው ምክንያት የኩላሊት ሕመም ተብሎ ተጽፏል። ስለ ሞተር የተጻፈ ነገር የለም፤ ስለ ጭስ ማውጫም የለም። ስለዚህ እኔ ክቡርነትዎን በምንም አልከስም። መክሰስ ብፈልግስ የት ሄጄ? አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮ ያው የእርስዎ ነው።

በቀብራቸው ላይ በመገኘትዎ እናመሰግናለን። የመጡት በፒክአፑ ነበር፤ ጋቢና። ሞተሩ ከተሻሻለ ወዲህ አንዴ ከጠፋ ቶሎ አልነሣም ስለሚል፣ ሹፌሩ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሳያጠፋው ቆመ። የእትዬ ሃሎ የወንድም ልጅ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ ከፊት ከነበሩት በቀር ማንም አልሰማም። ክቡርነትዎም ንግግር አድርገዋል። ምን እንዳሉ አልሰማንም፤ ከአኳኋንዎ ግን መልካም ነገር እንደተናገሩላቸው ገምተናል።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴን «አሁንስ? አሁንም ሁለት ወገን አለው?» አልኩት። እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለነገ የሚለብሰውን ሹራብ ከልብሶቹ መሃል ይፈልግ ጀመር፤ ነገ የመሣሪያው ቀኑ ነበር። በማግሥቱ ፒክአፑ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ሰማነው። በሩን ከፍቼ፣ ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ትናንት ክቡርነትዎ ለቀብር የተሳፈሩበትን መኪና ዛሬ እኛ ተሳፈርንበት። ምን ምርጫ አለን ክቡር ሆይ? ብንቆጣም የምንሄደው በእሱ ነው፤ ብናለቅስም በእሱ፤ ይህን ደብዳቤ ትልቁ ከተማ ላለው ጋዜጣ ለመስጠት ብነሣ እንኳ የሚያደርሰኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ ደረጃ አይደለም፣ ስፖንጅም አይደለም፤ መለመን ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና ከእንግዲህ የምለምነው በጥንቃቄ ነው። ይህ ደብዳቤ ካስቆጣዎት ቁጣዎ በእኔ ላይ ይሁን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያሰረዘኝን ቃላት ሁሉ ሰርዣለሁ፤ የቀሩት የእኔ ናቸው። አጃቢ ሆኜ እንዳልሳፈር ቢከለክሉኝ እቀበላለሁ፣ በእግሬም እከተላለሁ። እሱን ግን ከተሳፋሪነት እንዳይሰርዙት፤ እባክዎ፤ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ። ያ መኪና ጭሱም ጩኸቱም እንዳለ ሆኖ ይምጣለት። ይምጣ ብቻ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥ ያለ ቤት እየተመኘሁ፣ ስለተደረገልን ሁሉ እጅ ነሥቼ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ አመስጋኝ፣
ሌላ መኪና የሌላት
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቀጥሎ የሞተር ጉልበት ሊጨምርለት ያሰበው የማዘጋጃ ቤቱን የአስከሬን መኪና እንደሆነ ከቱርቦ ጋራዥ ሰማሁ። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የዚያኛው መኪና ተሳፋሪዎች ድምፁም ጭሱም አያውካቸውም፤ ማመልከቻ ጽፈውም አያስቸግሩዎትም። ባለቤቴ ግን ወደዚያኛው ለመዛወር እስካሁን ያቀረበው ጥያቄ አለመኖሩን በትሕትና አሳውቃለሁ።